ስድስተኛው ወር፦ ክብደት አልባው ሰውነት በሳይንሳዊ ልብ ወለድ

(አራት ኪሎ በሚገኝ አዳራሽ ለወጣት ደራስያንና አንባቢያን የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ ወጣት ደራስያን፤ በሥራ ቀን ማምሻ የታክሲ ሰልፉን ታግሣችሁ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ደራሲ አይደለሁም። ሥራዬ ለሕክምና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ ማስተማር ነው፤ ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ አጥንት እንዴት እንደሚገነባና እንደሚፈርስ፣ ደም ከእግር ተነሥቶ ወደ ልብ እንዴት እንደሚመለስ። የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አንባቢ ግን ነኝ፤ ያውም የማይጠግብ። ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው።

በጠፈር ታሪኮች ውስጥ የመጀመሪያው ሰዓት ሁልጊዜ ያምራል። ሞተሩ ጸጥ ይላል፣ እስክሪብቶ ከኪስ ወጥቶ ይንሳፈፋል፣ ጀግናው ቀበቶውን ፈትቶ ወደ መስኮቱ ይቀዝፋል፣ ምድር ሰማያዊ ሆና ትታየዋለች። ከዚያ በኋላ ደራሲው ወደ ሴራው ይገባል፤ ሰውነቱም ተረስቶ ይቀራል። ስምንት ወር ተጉዞ ማርስ የደረሰው ጀግና በሩ እንደተከፈተ ዘሎ ይወርዳል፣ ይሮጣል፣ ጠላቱን ይጥላል። እኔ ግን በየታሪኩ የምፈልገው ስድስተኛውን ወር ነው። ማለዳ ነቅቶ የእግሩን ባት የሚዳስሰውን ሰው፣ ትናንት ያነበበው ጽሑፍ ዛሬ የደበዘዘበትን ሰው፣ የሚመለስበትን ቀን እየናፈቀ የሚፈራውን ሰው ነው የምፈልገው።

ምሽቱን ሙሉ የምናገረው በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ስለሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ክብደት በሌለበት ቦታ ሰውነት የሚያሳየው ለውጥ አብዛኛው መታዘዝ ነው። ሰውነት ቆጣቢ ነው፤ የማያስፈልገውን አጥንት አይሸከምም፣ የማያስፈልገውን ጡንቻ አይቀልብም። ለአዲሱ ቦታ ራሱን ያስተካክላል፤ በዚያው ከቆየም ብዙውን ለውጥ ይዞ መኖር ይችላል። ዕዳው የሚጠየቀው ሲመለስ ነው። ስለዚህ ረጅም ክብደት አልባነት ለደራሲ የሚሰጠው ትልቁ ታሪክ የመመለስ ታሪክ ነው፤ ስለ መሄድና ስለ መመለስ ደግሞ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

ከመሠረቱ ልነሣ፤ ብዙ ታሪክ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነውና። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። እዚያ የምድር ስበት የለም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ስበቱ አለ፤ እዚህ ከሚይዘን ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው እዚያም አለ። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ከጣቢያው ጋር አብረው ያለማቋረጥ ስለሚወድቁ ነው። ጣቢያው በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይበርራል፤ እየወደቀ ሳለ ክብ የሆነችው ምድር ከሥሩ ትጎብጣለች፣ መውደቁም ማብቂያ ያጣል። ወለሉና ሰውየው እኩል ስለሚወድቁ ወለሉ እግሩን አይገፋውም። ክብደት ብለን የምንሰማው ያንን ግፊት ነው።

ጁል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1870 በታተመው የጨረቃ ዙሪያ ጉዞ ልብ ወለዱ መንገደኞቹ ክብደታቸውን የሚያጡት የምድርና የጨረቃ ስበት እኩል በሚሆኑበት ነጥብ ላይ ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ከመድፍ በተተኮሰ፣ ሞተር በሌለው ጥይት ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ግን ከአየሩ ከወጡ ጀምሮ መንገዱን ሁሉ መንሳፈፍ ነበረባቸው። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በካሉጋ ከተማ ያስተምር የነበረው፣ በልጅነት ሕመም ጆሮው የደከመው ሩሲያዊው መምህር ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ ግን ነገሩን በትክክል ተረድቶ በልብ ወለድ ጭምር ጽፎታል። ማንም ሰው ወደ ጠፈር ከመውጣቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ወረቀትና ሐሳብ ብቻ ይዞ! ይህን ሰው ባሰብኩ ቁጥር የልብ ወለድ ጸሐፊ ከላቦራቶሪ ሊቀድም እንደሚችል አምናለሁ።

አሁን ሰውየውን እንከተለው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ጊዜ የማቅለሽለሽ ቀናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 አንድ ቀን ያህል በጠፈር የቆየው ጌርማን ቲቶቭ በዚህ የታመመ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ ከተጓዙት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቀምሰውታል። በውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ወደ ታች የሚስበንን ኃይል የሚለኩ ጥቃቅን ጠጠሮች አሉ። ጠጠሮቹ መጫን ሲያቆሙ ጆሮ ለአንጎል የሚነግረውና ዓይን የሚያየው ይጣላሉ፤ አንጎልም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጆሮን ትቶ ዓይንን ማመን ይለምዳል። ይህን ልብ በሉ፤ ወደ ምድር ሲመለስ ይህንኑ እምነት እንደገና መሻር አለበት።

በተመሳሳይ ሰዓት ፈሳሹ ይሰደዳል። በምድር ላይ ወደ እግር የሚወርደው ደምና ሌላ ፈሳሽ ወደ ደረትና ወደ ራስ ይወጣል። ፊት ያብጣል፣ እግር ይቀጥናል፤ ጠፈርተኞች ራሳቸው «የወፍ እግር» ይሉታል። አፍንጫ ስለሚታፈን ምግብ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ብዙዎቹም የሚያቃጥል ማባያ ይመኛሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተነሣ ጠፈርተኛ ስትፈጥሩ ሚጥሚጣ ብታስይዙት ለጌጥ አይደለም፤ ፊዚዮሎጂው ይደግፋችኋል። ዱቄቱ ግን በየአቅጣጫው ተበትኖ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ በጣቢያው ላይ ጨው እንኳን በውኃ፣ ቁንዶ በርበሬም በዘይት ተበጥብጦ ነው የሚቀርበው። እንግዲያው አዋዜ ስጡት።

አከርካሪውም ይረዝማል። በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ዲስኮች ጫና ስለሌለባቸው ያብጣሉ፤ ሰውየው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፣ ወገቡን ያመዋል። የማይራመድ እግር የውስጥ ቆዳው ይለሰልስና ጠንካራው ተላጦ ይወድቃል፤ በአንጻሩ ሰውየው ራሱን ለመያዝ እግሩን ከብረት ዘንጎች ሥር ስለሚያስገባ የእግሩ ላይኛው ገጽ ይደድራል። ጠንካራው ቆዳ ከታች ወደ ላይ ቦታ የቀየረበት እግር! ብዙ ገጽ ማብራሪያ የማይተካው ዝርዝር ይህ ነው።

ወሮቹ ሲቆጠሩ ወደ አጥንት እንመጣለን፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አጥንት ግዑዝ ምሰሶ ይመስለናል። በውስጡ ግን አንዳንድ ሴሎች እያፈረሱ ሌሎች እየገነቡ ዕድሜያችንን ሙሉ ይሠራሉ፤ የሚመሩትም በሚያርፍባቸው ጫና ነው። ጫናው ሲጠፋ አፍራሾቹ ይበረታሉ። በቂ የአካል እንቅስቃሴ ካልተደረገ ክብደት ተሸካሚ የሆኑት የዳሌና የጭን አጥንቶች በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን ማዕድናቸውን ያጣሉ፤ አንድ አረጋዊ በዓመት ከሚያጣው የማያንሰውን በአንድ ወር ማለት ነው። 17 ጠፈርተኞችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከተመለሱ ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቅልጥማቸው አጥንት ወደ ነበረበት አልተመለሰም።

ከአጥንት የሚወጣው ካልሲየም የት ይሄዳል? ወደ ደም፣ ከደም ወደ ኩላሊት፣ ከኩላሊት ወደ ሽንት። የኩላሊት ጠጠር ስጋቱ ከዚህ ይመጣል። ከዚህ የሚበልጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የሆነው ነው። በጣቢያው ላይ ሽንትን አጥርቶ የመጠጥ ውኃ የሚያደርግ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ተደፍኖ ቆመ። ሲመረመር የደፈነው የካልሲየም ዝቃጭ ነበር፤ የጠፈርተኞቹ ሽንት ምድር ላይ ከተሞከረው የበለጠ ካልሲየም ነበረበት፣ ለዚህም አንዱ ምክንያት የሚሟሟው አጥንታቸው ነው። የሰዎቹ አጥንት የሚጠጡትን ውኃ ማጣሪያ ዘጋው። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። አንድ ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ጭንቀት ሁሉ በዚህች አንዲት ብልሽት ውስጥ አለ።

ጡንቻም እንዲሁ ይሟሽሻል፤ በተለይ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙን የባት፣ የጭንና የጀርባ ጡንቻዎች። ለዚህ ሲባል ጠፈርተኞች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ገደማ ስፖርት ይሠራሉ። መሮጫው ላይ በማሰሪያ ተጠፍረው ወደ ታች እየተሳቡ ይሮጣሉ፤ ብስክሌቱ ኮርቻ የለውም፣ የሚቀመጥ ሰው የለምና፤ ብረት ማንሳት ትርጉም ስለሌለው ክብደት የሚያነሡት አየር በተመጠጠላቸው ቱቦዎች በሚሠራ መሣሪያ ነው። ላቡ አይወርድም፣ እየተከማቸ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። በአንድ የስድስት ወር ቆይታ ይህ ሁለት ሰዓት ተደምሮ ከ350 ሰዓት ይበልጣል። ገጸ ባሕርያችሁ በዚያን ጊዜ ምን ያስባል? ማንን ያስታውሳል? አንድ ቀን ቢሰንፍስ? በማግስቱ ቢደግመውስ? ስንፍና ቀስ ብሎ አጥንት ድረስ የሚገባበት ቦታ ይህ ነው።

ደምን በተመለከተ አንድ አኃዝ ብቻ ልጥቀስ። ምድር ላይ ሰውነታችን በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴል አፍርሶ ይተካል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት በጠፈር ላይ ቁጥሩ ሦስት ሚሊዮን እንደሚደርስ አሳይቷል። ልብም የምትሠራው ሲቀልላት ክብነቷ ይጨምራል።

ዓይን ግን አጭር አይበቃውም። ከረጅም ጉዞ የተመለሱ ሰዎች የቅርብ ነገር ማንበብ እንደከበዳቸው ሲናገሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የሰባት ጠፈርተኞችን ዓይን የመረመረ ጽሑፍ ወጣ። በአንዳንዶቹ የዓይን ነርቭ መግቢያው አብጧል፣ የዓይን ኳስ ከበስተኋላው ተደፍጥጧል። ወደ ራስ የሚወጣው ፈሳሽ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ዛሬ ጠፈርተኞች ለዚህ ሲባል ከወትሮው የተለየ ቁጥር ያለው መነጽር ይዘው ይወጣሉ። አሁን ለሁለት ዓመት ተኩል የማርስ ጉዞ የተነሣች አብራሪ አስቡ። ከመነሣቷ በፊት ከሁሉም በላይ የምትመካበት ዓይኗ ነበር። በአራተኛው ወር የመሣሪያውን ቁጥር ለማንበብ ራሷን ወደ ኋላ ታርቃለች። ለማን ትናገራለች? መቼ? ክፉ ገጸ ባሕርይ ሳታስገቡ፣ ፍንዳታ ሳታስነሡ፣ ታሪኩ በራሱ ይጠነክራል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ስሙ ያልተገለጸ ጠፈርተኛን ጉዳይ አተመ። ወደ ጣቢያው ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው፣ ለጥናት ተብሎ በተደረገ የአልትራሳውንድ ምርመራ አንገቱ ላይ ያለ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ምልክት አልነበረውም። በጣቢያው የነበረው የደም ማቅጠኛ መርፌ ውስን ስለነበር ከምድር በጭነት መንኮራኩር የሚዋጥ መድኃኒት እስኪላክለት ድረስ ተቆጥቦ ተሰጠው። ጠፈርተኛው በደህና ተመለሰ። እርሱ ግን ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር የራቀው፤ በማርስ መንገድ ላይ ጭነት አይደርስም። ማርስ ከምድር በጣም በምትርቅበት ጊዜ አንድ የሬዲዮ መልእክት ለመድረስ ብቻ ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ የሐኪሙ መልስም ያንኑ ያህል።

አሁን ወደ መመለስ። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድሪያን ኒኮላዬቭና ቪታሊ ሴቫስቲያኖቭ በሶዩዝ 9 መንኮራኩር 18 ቀን ገደማ ቆይተው ሲወርዱ መቆም አልቻሉም፤ ሰው ነበር ያወጣቸው። ዛሬ ያለው የስፖርት ሥርዓት ከዚያ ድንጋጤ ብዙ ተምሯል። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሐኪሙ ቫሌሪ ፖልያኮቭ ሚር በተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ 437 ቀን ቆይቶ ወረደ። እስከ ዛሬ በአንድ ጉዞ ይህን ያህል የቆየ ሰው የለም። ከመንኮራኩሩ ከወጣ በኋላ ጥቂት እርምጃ ራሱ ተራምዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያደረገውም ሆን ብሎ ነው፤ ማርስ ላይ የሚያርፍ ሰው ሥራ መሥራት እንደሚችል ማሳየት ፈልጎ ነበር። እኔ ስለ ፖልያኮቭ ሳስተምር የዚያችን ጥቂት እርምጃ ዋጋ ተማሪዎቼ እንዲሰማቸው እፈልጋለሁ። ከአሥራ አራት ወር በላይ በየቀኑ የሠራው ላብ እዚያች ጥቂት ሜትር ላይ ተከፈለ።

በካዛክስታን ሜዳ ላይ የሚያርፉትን ሐኪሞችና አዳኞች ይቀበሏቸዋል። ቆመው ደማቸው ወደ እግራቸው ሲወርድ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ ጆሯቸው ደግሞ ራሳቸውን ዘንበል ባደረጉ ቁጥር ዓለምን ያዞርባቸዋል፤ የሚይዛቸው እጅ ግን አለ። ማርስ ላይ ያ እጅ የለም። የማርስ ስበት የምድርን 38 በመቶ ያህል ስለሆነ ከምድር ይሻላል ይባል ይሆናል፤ ለሰባትና ስምንት ወር ምንም ላልተሸከመ ሰውነት ግን ትልቅ ጫና ነው። በሩን መክፈት፣ መሰላሉን መውረድ፣ ከባዱን የጠፈር ልብስ ተሸክሞ መቆም፣ ከወደቁም መነሣት አለ። የጀግናውን ፍልሚያ ለምን ሌላ ቦታ እንደምንፈልገው አይገባኝም።

ሰርጌይ ክሪካሌቭን ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ሶቪየት ኅብረትን ወክሎ ወጣ፣ 311 ቀን ቆየ፣ በመጋቢት 1992 ሲመለስ የላከችው ሀገር አልነበረችም። የተወለደባት ከተማ እንኳን ሌኒንግራድ መባሏ ቀርቶ ሴንት ፒተርስበርግ ሆና ነበር። ሰውነቱ ለክብደት ባዕድ ሆኖ፣ ሀገሩም ለእርሱ ባዕድ ሆና። ታሪክ ራሱ እንዲህ ከጻፈ ከደራሲ ብዙ እጠብቃለሁ።

ብዙ ደራስያንና ፊልም ሠሪዎች ይህን ሁሉ በአንድ ነገር ይዘሉታል፦ በሰው ሠራሽ ስበት። በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ወለሉ ይስባል፣ ሰዎቹ እንደ ልባቸው ይራመዳሉ። ይህን ማድረግ የደራሲ መብት ነው፤ ፊልም ሠሪ ተዋናዮቹን ሁሉ በገመድ እያንጠለጠለ ማዝለቅ እንደማይችልም እረዳለሁ። ያ ወለል ግን ከላይ ያልኳችሁን ታሪኮች በሙሉ ይውጣቸዋል። ፊዚክስ የሚፈቅደው መንገድ መሽከርከር ነው፤ ትልቅ ጎማ መሰል መዋቅር ሠርቶ ማዞርና ሰዎቹን በጠርዙ ላይ ማኖር። እርሱም ዋጋ አለው። ሰው ብዙ ሳይቸገር የሚለምደው ዙር በደቂቃ ሁለት ገደማ ነው እንበል። በዚያ ፍጥነት የምድርን ያህል ክብደት ለማግኘት ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 224 ሜትር ያስፈልጋል። እዚህ ከተማ መሐል ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ 209 ሜትር ነው። ያንን ሕንፃ የሚበልጥ የጎማ እጅ በጠፈር ላይ ትገነባላችሁ ማለት ነው። በደቂቃ አራት ዙር ካደረጋችሁት 56 ሜትር ይበቃል፤ ነገር ግን ራሱን ወደ ጎን ያዞረ ሰው ያጥወለውለዋል፣ የጣለው ኳስም በጠበቀው ቦታ አያርፍም።

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ የጠፈር ፊልም የሚሽከረከር ክፍሉን ለማሳየት ዲያሜትሩ 12 ሜትር ገደማ የሆነ እውነተኛ ተሽከርካሪ ጎማ አሠርቶ ነበር፤ ለአክብሮቴ ይህ ይበቃል። ያንን የሚያህል ክፍል በእውነት ጠፈር ላይ የምድርን ክብደት እንዲሰጥ ከተፈለገ ግን በደቂቃ 12 ጊዜ ያህል መዞር አለበት፤ በውስጡ የቆመ ሰውም በራሱ ላይ የሚሰማው ክብደት በእግሩ ከሚሰማው ከሦስት አራተኛ ያነሰ ይሆናል። ታሪካችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ የሚሽከረከር ጎማ ካስገባችሁ መጠኑን አስሉ። ስሌቱ አንድ መስመር ነው፤ የሚሰጣችሁ ሐሳብ ግን ብዙ ነው። ለምሳሌ ጠርዙ ላይ ክብደት አለ፣ መሐሉ ላይ የለም። ማን ጠርዙ ላይ ይኖራል? ማን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ መሐሉ ላይ ይሠራል?

ይህ ወደ ልጆች ያመጣኛል። ዘ ኤክስፓንስ የተባለው የመጻሕፍትና የቴሌቪዥን ተከታታይ በዝቅተኛ ስበት ያደጉ፣ ረጃጅምና ቀጫጭን የሆኑ፣ ምድርን መሸከም የማይችሉ ሕዝቦችን ፈጥሯል። በአንድ ትዕይንት ላይ አንድ እስረኛ የሚሠቃየው በምድር ክብደት ሥር እንዲቆይ በመደረጉ ብቻ ነው። ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ ሰውነትን በቁም ነገር የወሰደ ሆኖ ያገኘሁት ይህ ነው። የእኛ ደራስያን ይህን መንገድ ሲሞክሩ ግን አንድ ነገር እንዲለዩ እፈልጋለሁ፦ አንድ ሰው በዕድሜው የሚለወጠውና አንድ ሕዝብ በትውልዶች የሚለወጠው አንድ አይደሉም። ምስክሩ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ለቀጭኑ አየር የሚመልሱት በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን በመጨመር ነው፤ የእኛዎቹ ግን ሄሞግሎቢናቸው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከሚኖር ሰው እምብዛም ሳይለይ ኦክስጅኑን ይዘው ተገኙ። ከባሕር ዳርቻ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ደሙን የሚያወፍር እንግዳና እዚያ ተራራ ላይ ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ የኖረ ሕዝብ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጡ። በጠፈር የተወለደው የመጀመሪያው ልጅ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ እንግዳ። ዝርያው አልተለወጠም፤ ሰውነቱ ግን ምድርን አያውቃትም።

እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካውያን ከሁለት ሺህ በላይ የጄሊፊሽ ግልገሎችን በመንኮራኩር ወሰዱ። በጠፈር ተራብተው ወደ 60 ሺህ ደረሱ። እዚያ የተፈጠሩት ወደ ምድር ሲመጡ አንዳንዶቹ በትክክል መዋኘት አቃታቸው፤ ታችና ላይን የሚነግራቸው አካል ያለ ስበት ነበር ያደገው። ቀደም ብሎ በ1990 በሚር ጣቢያ የተፈለፈሉ የድርጭት ጫጩቶች ደግሞ የሚቆሙበትን መያዝ አቅቷቸው፣ በአየር ላይ እየተንከራተቱ መመገብ ተሳናቸው።

አሁን አንዲት አያት አስቡ፤ ጉለሌ ወይም ጉራራ ትኑር። ልጇ ሄዶ እዚያው ወልዷል። የልጅ ልጇ አማርኛ ትናገራለች፣ ድምፅዋ በየሳምንቱ ይመጣል፣ መልኳ ቁርጥ የአያቷን ነው። ሀገር ቤት መግባት ግን አትችልም። ፓስፖርት የከለከላት የለም፣ ገንዘብም አላጣችም። የአያቷ ሳሎን ይከብዳታል። እኛ ስለ ስደት፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ መመለስ በዘፈንም በግጥምም ብዙ ብለናል፤ ይህን ዓይነት መለያየት ግን ገና አልነካነውም። ይህን ታሪክ ከእኛ በተሻለ ማን ይጽፈዋል?

የእኛ የሆነ ሌላም አለ። የሐዘን ሥርዓታችን በክብደት የተሠራ ነው፤ ደረት ይመታል፣ መሬት ላይ ይወደቃል። ጸሎታችንም ስግደት ነው። በጠፈር ጣቢያ ላይ መርዶ የደረሰው ሰው መውደቂያ የለውም። እንባውም አይወርድም፤ ዓይኑ ላይ እየተጠራቀመ ይቆያል፣ ያቃጥላል፣ ካልተጠረገም በጉንጩ ላይ ይዘረጋል። ለምእመን ደግሞ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በረመዳን ወደ ጣቢያው የወጣው ማሌዢያዊ ሙዘፈር ሹኩር ሰላቱን እንዴት እንደሚሰግድ፣ ቂብላን፣ ማለትም የመካን አቅጣጫ፣ እንዴት እንደሚያገኝ የሀገሩ የፈትዋ ጉባኤ መመሪያ አዘጋጅቶለታል። ደጋግሞ መስገድ የለመደ የእኛ ሰው በሰሙነ ሕማማት መንኮራኩር ውስጥ ቢሆን ጉልበቱን በምን ላይ ያሳርፋል? እዚያ መስገድ ማለት ሰውነትን ማጠፍ ብቻ ነው፤ ድካሙ፣ የጉልበቱ ሕመም፣ ላቡ የለም። ለእርሱ ያ ስግደት ይቆጠራል? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሐኪም አይደለም፤ መጻፍ ያለበት ግን ሰውነትን የሚያውቅ ደራሲ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር።

አንድ ወጣት «የእኔ ታሪክ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ መድኃኒት አይገኝም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ይገኝ ይሆናል። ለአጥንት መሳሳት የሚታዘዝ መድኃኒት ከስፖርት ጋር ተጣምሮ በጣቢያው ላይ ተሞክሮ የአጥንት መጥፋቱን ቀንሷል። ስለዚህ መድኃኒት ፍጠር፤ ግን ብዛቱን ቁጠር። በስንት ቀን አንዴ ይወሰዳል? ስንት ፍሬ ተጫነ? ጉዞው ሲራዘም ማን ይተዋል? መድኃኒቱ አጥንቱን ጠብቆ ዓይኑን ካልጠበቀስ?

አንዲት እህት ደግሞ ስለ እርግዝና ጠየቀች። በጠፈር የፀነሰችም የወለደችም ሴት የለችም። እ.ኤ.አ. በ1983 የሶቪየት ሳይንቲስቶች እርጉዝ አይጦችን ለጥቂት ቀናት ልከው፣ አይጦቹ ከተመለሱ በኋላ ወልደዋል፤ በ1994 ደግሞ ትናንሽ ዓሦች በመንኮራኩር ውስጥ ተራክበው እንቁላላቸው ተፈልፍሏል። ከዚያ ወዲያ ያለው ለደራሲ የተተወ ሜዳ ነው። እኔ ለጠያቂዋ የሰጠኋት አንድ አኃዝ ነው፦ አንድ ፅንስ እስኪወለድ ድረስ አጥንቱን ለመሥራት 30 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል፤ አብዛኛውንም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። ምድር ላይ ያለች እናት ከምግቧ የምትወስደውን ካልሲየም ጨምራ ትሰጠዋለች፤ ካልበቃም ከአጥንቷ ታበድራለች፣ በኋላም ይተካላታል። መንኮራኩር ውስጥ ያለችው እናት ግን ዳሌዋ አስቀድሞ በየወሩ እየሟሟ ነው፣ ኩላሊቷ የሚያስወጣው ካልሲየም ሞልቶ ፈስሷል፣ በቀን ሁለት ሰዓት በማሰሪያ ተጠፍራ መሮጥም በዚያ ሆድ አትችልም። ስለዚህ በጠፈር ላይ ልጅ የሚያስወልድ ደራሲ ከምጡ በፊት ሰባተኛውን ወር መጻፍ አለበት፤ በዚያ ወር እናትየዋ ስፖርቷን ማቆሟን ለማን እንደተናገረች፣ የጣቢያው ሐኪምም የዳሌዋን ምርመራ ውጤት አይቶ ምን እንዳላት።